ኢልያ ሜችኒኮቭና በላተኞቹ ሕዋሳት

ወደ ማክሰኝት ገበያ በባዶ እግሩ የሚወርድ ልጅ የግራር እሾህ ተረከዙ ውስጥ ቢሰበርበትና ቶሎ በወረንጦ ባያወጣው፥ በማግሥቱ ስፍራው ይቀላል፥ ያብጣል፥ ይጠዘጥዛል። ጥቂት ቀንም ሲቈይ ነጭ መግል ይቋጥራል። ሰዎች ይህን ባዩ ጊዜ ቍስሉ ተቈጣ ይላሉ፤ መግሉንም ይጸየፉታል። ከዚያ መግል የሚበልጠው ክፍል ግን ሰውነትን ሲጠብቁ የሞቱ ወታደሮች ሬሳ ነው። እነዚህ ወታደሮች በዓይን የማይታዩ የሰውነት ሕዋሳት ናቸው፤ ሥራቸውንም መርምሮ ለዓለም ያስረዳ ሰው ኢልያ ሜችኒኮቭ ይባላል።

ኢልያ በግንቦት ወር በ1845 ዓ.ም. ተወለደ። በዚህ ታሪክ የተጻፈው ዘመን ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር ነው። የተወለደበት ምድር በካርኮቭ ከተማ አውራጃ ነው፤ ያም አገር ዛሬ ዩክሬን የሚባል ሲሆን በዚያን ጊዜ ለመስኮብ ንጉሠ ነገሥት ይገዛ ነበር። ኢልያ የሚለው ስም በእኛ አገር ኤልያስ የምንለው ነው። አባቱ የንጉሠ ነገሥቱ የክብር ዘበኛ መኰንን ነበረ። ከአምስት ልጆች የመጨረሻው እርሱ ነው።

በልጅነቱ በአንድ ስፍራ መቀመጥ የማይችል ቀልቃላ ስለ ነበረ፥ የቤቱ ሰዎች ባዜቃ ብለው ይጠሩት ነበር። ባዜቃ እንደ ውሃ የሚንከባለል፥ በእጅ የማይጨበጥ ማዕድን ነው። ነገር ግን ይህ ባዜቃ የተባለው ልጅ አበባ ወይም ትል ባየ ጊዜ ጸጥ ብሎ ይቀመጥና ረጅም ሰዓት ይመለከት ነበር። ገና ስምንት ዓመት ሲሆነው በአካባቢው ስለሚበቅሉት ዕፀዋት ይጽፍ ጀመር። የጻፈውንም ለወንድሞቹና ለመንደሩ ልጆች ያስተምር ነበር፤ ቍጭ ብለው እንዲሰሙትም ከኪሱ ገንዘብ ይከፍላቸው ነበር። መምህር ለተማሪዎቹ ደመወዝ ሲከፍል በዓለም ብዙ ጊዜ የታየ ነገር አይደለም።

በካርኮቭ በነበረው ዩኒቨርሲቲ የአራቱን ዓመት ትምህርት በሁለት ዓመት ፈጽሞ በ1864 ዓ.ም. ወጣ። ከዚህ በኋላ ወደ ጀርመንና ወደ ኢጣልያ ሄዶ በባሕር የሚኖሩትን ትናንሽ እንስሳት መረመረ። በ1867 ዓ.ም. በኦዴሳ ከተማ መምህር ሆነ። በዚያን ጊዜ ዕድሜው ሀያ ሁለት ዓመት ስለ ነበረ ከተማሪዎቹ አንዳንዶቹ በዕድሜ ይበልጡት ነበር።

የሥራው መንገድ እንዲህ ቢቃናለትም ኑሮው ግን በኀዘን የተሞላ ነበረ። በ1869 ዓ.ም. ሉድሚላ የምትባል ሴት አገባ። ሙሽራይቱ ቲቢ በሚባለው የሳንባ በሽታ ደክማ ስለ ነበረ፥ በሠርጓ ቀን ወደ ቤተ ክርስቲያን በወንበር ተሸክመው አገቧት። ባሏ አራት ዓመት ከአገር አገር እያዞረ አስታመማት፤ በ1873 ዓ.ም. ማዴራ በምትባል ደሴት ሞተች። እርሱም ዓይኑ ታሞ በማይክሮስኮፕ መሥራት አቅቶት ነበር። ኀዘን ከሕመም ጋራ በተደራረበበት ጊዜ የመኖር ፈቃድ አጣ፤ ከሞትም ለጥቂት ተረፈ። በ1875 ዓ.ም. ኦልጋ የምትባለውን ሴት አገባ፤ እርስዋም እስከ ሞቱ ድረስ ረዳቱ ሆነች።

በ1880 ዓ.ም. ኦልጋ በአንጀት ተስቦ ታመመች፤ ነገር ግን ዳነች። በዚህ ጭንቀት ማግሥት ሜችኒኮቭ የሚያገረሽ ትኩሳት ከያዘው ሰው ደም ወስዶ በገዛ ሰውነቱ አስገባ። ይህ በሽታ በኢትዮጵያ ደጋም የታወቀ፥ በቅማል የሚተላለፍ ትኩሳት ነው። ሜችኒኮቭ በጽኑ ታሞ ሊሞት ደረሰ፤ ከተሻለውም በኋላ ልቡ እንደ ቀድሞው አልሆነለትም ይባላል። በሽታው በደም እንደሚተላለፍ በእርሱም ታየ፤ የሆነ ሆኖ ሥራው ድፍረት እንጂ ጥበብ ሊባል አይገባውም።

በ1881 ዓ.ም. የመስኮብ ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ እስክንድር ተገደለ፤ በአገሩም ሁሉ ሁከት ሆነ። ሁከቱ ወደ ዩኒቨርሲቲው ስለ ገባ ሜችኒኮቭ በ1882 ዓ.ም. ሥራውን ለቀቀ። ሚስቱንና ታናናሽ እኅቶችዋንና ወንድሞችዋን ይዞ በሲሲልያ ደሴት ወዳለችው ወደ መሲና ሄደ። በዚያም ባሕር ዳር ቤት ተከራይቶ ተቀመጠ።

የታወቀበት ሥራ የተጀመረው በዚያ ቤት ነው። ባሕር ውስጥ የባሕር ኮከብ የሚባል አምስት ክንድ ያለው እንስሳ አለ። እጩ እንደ ጥሩ ብርጭቆ በውስጡ ያሳያል፤ ስለዚህ ማንም ሳይቀደው በማይክሮስኮፕ ሆዱንና ሥጋውን ማየት ይችላል። አንድ ቀን ቤተሰቡ ሁሉ ጨዋታ የሚያሳዩ ዝንጀሮዎችን ለማየት ወደ ሰርከስ ሄዱ። ሜችኒኮቭ ብቻውን ቀርቶ በእጩ ውስጥ ወዲያና ወዲህ የሚንቀሳቀሱትን ሕዋሳት ይመለከት ነበር። ሕዋስ ማለት የእንስሳና የተክል አካል ሁሉ የተሠራበት እጅግ ትንሽ ክፍል ነው፤ ቤት ከድንጋይ እንደሚሠራ አካልም ከሕዋሳት የተሠራ ነው። አብዛኞቹ በስፍራቸው የጸኑ ናቸው፤ እነዚህ ግን ይዞራሉ። እንዲህ ያሉት ዘዋሪ ሕዋሳት ያገኙትን ምግብ ውጠው እንደሚፈጩ ቀድሞ አይቶ ነበር። አሁን ግን ሌላ አሳብ መጣበት፤ ምግብ የሚውጡ ከሆነ ከውጭ የገባ ጠላትንም ሊውጡ ይችላሉ ብሎ አሰበ።

ከመቀመጫው ተነሥቶ በክፍሉ ይመላለስ ጀመር፤ ወደ ባሕርም ዳር ወጣ። ከጥቂት ቀን በፊት ለልጆቹ የገና ዛፍ ብለው አንዲት የመንደሪን ዛፍ አስጊጠው ነበር። በዚያው በትንሹ አትክልት ስፍራ የጽጌረዳ ተክል ነበረ። ከእርስዋ እሾህ ቈርጦ እንደ ውሃ ከጠራው እጭ ቆዳ በታች ሰካ። በዚያች ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደውም። ማለዳ በማይክሮስኮፕ ባየ ጊዜ ዘዋሪዎቹ ሕዋሳት ከየስፍራው ተሰብስበው እሾሁን ከበውት አገኘ። እጩ ደም ሥር የለውም፤ ቢሆንም ሕዋሳቱ በራሳቸው መንገድ ወደ ተወጋው ስፍራ ደርሰው ነበር።

በ1883 ዓ.ም. ለእነዚህ ሕዋሳት ፋጎሳይት የሚል ስም ወጣላቸው። ቃሉ ከጽርዕ ቋንቋ የተወሰደ ሲሆን በላተኛ ሕዋስ ማለት ነው። ሜችኒኮቭ በኋላ በሁለት ወገን ከፈላቸው፤ ትናንሾቹን ማይክሮፋጅ፥ ትልልቆቹን ማክሮፋጅ አላቸው። ትልቁ በላተኛ ማክሮፋጅ የሞተውን ሕዋስ፥ ያረጀውን ደም፥ የገባውንም ተሐዋሲ ይውጣል። አሞራ በሜዳ የወደቀውን በክት እንደሚያጸዳ እርሱም የሰውነትን ጥራጊ ያጸዳል።

በ1884 ዓ.ም. የውሃ ቍንጫ በምትባል ጥቃቅን ፍጥረት የበሽታውን ጦርነት በዓይኑ አየ። እርሾ የሚመስል ተሐዋሲ በሆድዋ ሲገባ በላተኞቹ ሕዋሳት ይውጡታል። ውጠው ከጨረሱት ቍንጫይቱ ትድናለች፤ ተሐዋሲው ከበዛባቸው ግን ትሞታለች።

ብዙ ሊቃውንት ግን አልተቀበሉትም። በጀርመን አገር የነበሩት ታላላቅ መምህራን ሰውነትን የሚያድነው በደም ውሃ ውስጥ ያለ ኀይል ነው እንጂ ሕዋስ አይደለም ይሉ ነበር። እንዲያውም ነጭ ሕዋሳት ተሐዋስያንን ተሸክመው በሰውነት ሁሉ ያዳርሳሉ ብለው የሚያስቡ ነበሩ። ከዚህም ሌላ ሜችኒኮቭ የእንስሳት መምህር እንጂ ሐኪም ስላልነበረ ብዙ ሐኪሞች ሊሰሙት አልወደዱም። እርሱም ቍጡ ሰው ነበረ። ክርክሩ ከሀያ ዓመት በላይ ቈየ። በ1888 ዓ.ም. ሉዊ ፓስተር ተቀብሎት በፓሪስ ከተማ በስሙ በተሠራው ተቋም የሥራ ክፍል ሰጠው፤ ሜችኒኮቭም እስከ ዕለተ ሞቱ በዚያ ሠራ። የኋላ ኋላ ሁለቱም ወገን እውነት እንደ ነበራቸው ታወቀ፤ ሕዋሳቱም የደም ውሃውም በአንድነት ይሠራሉና። በ1908 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ለሜችኒኮቭና ስለ ደም ውሃ ኀይል ለመረመረው ለጀርመናዊው ለፓውል ኤርሊኽ በአንድነት ተሰጠ።

በዚያን ጊዜ ሜችኒኮቭ ስድሳ ሦስት ዓመቱ ነበረ፤ አሳቡም ወደ ሌላ ጥያቄ ዞሮ ነበር። ሰው ስለ ምን ያረጃል? የሽማግሌስ ደም ሥር ስለ ምን ይደነድናል? ሰውነትን የሚጠብቁት ትልልቆቹ በላተኞች በእርጅና ጊዜ የገዛ ጌታቸውን ሥጋ ይበላሉ፤ የጠጕርን ቀለም ስለሚበሉት ጠጕር ይሸብታል፥ የአንጎልንም ሕዋስ ያጠፋሉ የሚል አሳብ ነበረው። በአንጀት ውስጥ ያሉት ተሐዋስያን ሰውነትን በመርዝ ያስረጃሉ ብሎም ያምን ስለ ነበረ በየቀኑ እርጎ ይጠጣ ነበር። የጎንደር ባላገር ከጥንት የሚያውቀው እርጎ በእርሱ ምክንያት በፓሪስ ታላቅ መድኃኒት ተባለ። ስለ ሽበትና ስለ እርጎ ካለው ብዙው እንዳሰበው አልሆነም። ጠባቂው ራሱ ሊጐዳ ይችላል ያለው ግን በጠጕር ሳይሆን በሌላ ስፍራ እውነት ሆኖ ተገኘ።

ያ ስፍራ ደም ቅዳ ነው። ደም ቅዳ ከልብ የሚወጣውን ደም ወደ ሰውነት ሁሉ የሚያደርስ ቧንቧ ነው። በብዙ ሰዎች በውስጠኛው ግድግዳ የስብ ዝቃጭ ይከማቻል፤ በጭቃ እንደ ተደፈነ የመስኖ ቦይም መንገዱ ይጠብባል። በሽታው ዛሬ የተጀመረ አይደለም። በ1911 ዓ.ም. ሩፈር የሚባል የሜችኒኮቭ ተማሪ የነበረ ሐኪም ከብዙ ሺህ ዓመት በፊት በግብጽ በመድኃኒት ደርቆ በተቀበረ ሬሳ ደም ሥር ውስጥ ይህንኑ በሽታ አገኘ። ከእርሱም አስቀድሞ በ1856 ዓ.ም. ታላቁ ጀርመናዊ ሐኪም ሩዶልፍ ፊርሆ የደም ቅዳ ግድግዳ መታመም እንደ ቍስል መቈጣት ያለ ነገር ነው ብሎ ጽፎ ነበር። ይኸው ፊርሆ በ1883 ዓ.ም. መሲና መጥቶ የሜችኒኮቭን የባሕር ኮከብ አይቶ አበረታታው። አንዱ የደም ሥርን መቈጣት፥ ሁለተኛው በመቈጣት ጊዜ የሚመጡትን ሕዋሳት ያውቅ ነበር። ሁለቱ ዕውቀቶች እስኪገናኙ ግን ገና ብዙ ዘመን ቀረ።

ሜችኒኮቭ ሥጋ ማብዛት እርጅናን ያፋጥናል የሚል አሳብ ስለ ነበረው፥ ኢግናቶቭስኪ የሚባል ሐኪም በ1908 ዓ.ም. በፒተርስቡርግ ከተማ በጥንቸሎች ፈተነው። ሣር የሚበሉትን ጥንቸሎች ሥጋና ወተት እንቍላልም አበላቸው፤ ደም ቅዳቸውም ታመመ። በ1913 ዓ.ም. በዚያው ከተማ ኒኮላይ አኒችኮቭና ጓደኛው ኻላቶቭ በምግቡ ውስጥ ያለው ጐጂ ነገር የትኛው እንደ ሆነ ለዩ። ኮሌስትሮል የሚባለውን በእንቍላል አስኳል የሚገኘውን ቅባት ለብቻው በሱፍ ዘይት አሟሙተው ለጥንቸሎች ሰጡ፤ በሽታው እንደ ፊተኛው ሆነ። አኒችኮቭ የታመመውን ግድግዳ በማይክሮስኮፕ ባየ ጊዜ በስብ ጠብታ የተነፉ ትልልቅ ሕዋሳት አገኘ፤ ውስጣቸውም አረፋ ይመስል ነበር። ብዙዎቹ ሜችኒኮቭ ማክሮፋጅ ብሎ የሰየማቸው ትልልቅ በላተኞች መሆናቸው በኋላ በተደረገው ምርመራ ተረጋገጠ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በደም ውስጥ ኮሌስትሮልን የሚያዞሩ ጥቃቅን ጭነቶች አሉ። ሲበዙ፥ ወይም ትምባሆና የስኳር በሽታ ወይም የደም ግፊት የቧንቧውን ስስ ገበር ሲጐዳ፥ ወደ ግድግዳው ሰርገው ይገባሉ። በዚያም ይበላሻሉ። ገበሩ እንደ ተወጋ ሁሉ የድረሱልኝ ምልክት ይሰጣል፤ ነጭ ሕዋሳትም ከደም ወጥተው ወደ ግድግዳው ይገባሉና ትልልቅ በላተኞች ይሆናሉ። የተበላሸውን ስብ ይውጣሉ። እስከዚህ ድረስ መልካም ሠርተዋል። ተሐዋሲን ግን ውጦ መፍጨት ሲቻል ኮሌስትሮልን መፍጨት አይቻልም፤ ሊያወጡት ይችላሉ እንጂ ሊያጠፉት አይችሉም። ጭነቱ ሲበዛ ማውጣቱም ያቅታቸዋል። ከዚያ ስፍራ መውጣት ተስኗቸው፥ በስብ ተነፍተው፥ እዚያው ይሞታሉ። ሲሞቱም የዋጡት ሁሉ ይፈስሳል፤ እርሱን ሊያጸዱ ሌሎች ይመጣሉ፥ እነርሱም እንደ ፊተኞቹ ይሆናሉ። በዓመታት ብዛት በግድግዳው ውስጥ የስብና የሬሳ ጕድጓድ ይሠራል። በላዩ ያለው ክዳን በበላተኞቹ ጭማቂ ሲሳሳ አንድ ቀን ይቀደዳል። በተቀደደበት ደም ይረጋል፤ መንገዱም ይዘጋል። በልብ ላይ ከሆነ የልብ ድካምና ድንገተኛ ሞት፥ በአንጎል ላይ ከሆነ ስትሮክ የሚባለው ሽባ የሚያደርግ በሽታ ይመጣል።

ሜችኒኮቭ ይህን ሁሉ ሳያውቅ ሞተ። በ1914 ዓ.ም. የዓለም ጦርነት ሲጀመር ከፓስተር ተቋም ወጣቶቹ ወደ ጦር ሄዱ፤ ሽማግሌውም ባዶ በሆነው ቤት ቀረ። ልቡ ቀድሞም ደካማ ነበረና በሐምሌ ወር በ1916 ዓ.ም. በሰባ አንድ ዓመቱ በልብ በሽታ ሞተ። አመዱ በማሰሮ ሆኖ በፓስተር ተቋም መጻሕፍት ቤት ተቀመጠ።

በጎንደር በ1954 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ሲከፈት የአገሩ ዋና ጠላቶች ተላላፊ በሽታዎች ነበሩ። ከአንድ ዓመት በፊት ከማክሰኝት ብዙም በማይርቀው በደንቢያ የወባ ወረርሽኝ እጅግ ብዙ ሰው ፈጅቶ ነበር። እንዲህ ባለው ጊዜ በላተኞቹ ሕዋሳት ለሰው ወዳጅ ብቻ ይመስላሉ። ዛሬ ግን በኢትዮጵያ ከተሞች ተላላፊዎቹ በሽታዎች ሳይጠፉ የደም ግፊት፥ የስኳር በሽታና የደም ቅዳ በሽታ ተጨምረዋል።

ስለዚህ ሐኪሞች ጠባቂዎቹን ጥቂት ማስታገሥ ይቻል እንደ ሆነ ፈተኑ። በ2017 ዓ.ም. በታተመ አንድ ታላቅ ምርመራ፥ ቀድሞ የልብ ሕመም ደርሶባቸው ለነበሩ ከ10,000 በላይ ሰዎች ካናኪኑማብ የሚባል መድኃኒት ወይም ምንም መድኃኒት የሌለበት መርፌ ተሰጣቸው። መድኃኒቱ ኮሌስትሮልን አይቀንስም፤ የመቈጣትን መልእክት ብቻ ያግዳል። በመካከለኛው መጠን የወሰዱት ሰዎች፥ ባዶውን መርፌ ከወሰዱት ጋራ ሲነጻጸሩ፥ በልብ ሕመም፥ በስትሮክና በደም ሥር በሽታ ሞት የተጠቁት በመቶ 15 ያህል አነሱ። በዚህም የመቈጣት ጥፋት በሰው ላይ ተረጋገጠ። ነገር ግን መድኃኒቱን ከወሰዱት መካከል ተላላፊ በሽታ ይዟቸው የሞቱት ከሌሎቹ ይልቅ በዙ፤ ዘበኛው ሲያንቀላፋ ሌባው ገብቶ ነበርና። እስከ ዛሬም ሐኪሞች ደም ቅዳውን የሚያሳርፍ፥ ለእሾህና ለተሐዋሲ ግን ጠባቂዎቹን ነቅተው የሚተው መድኃኒት ይፈልጋሉ።